በላላው ገመድ በኩል

መብሩካ የጀልባዋን ምሰሶ በአንድ እጇ አቅፋ፣ ጉንጯን ወደ ቀዝቃዛው ብረት አስጠግታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ሽቅብ ስታይ ራኡፍ ከኋላዋ ቆሞ እሷን እያያት እንደሆነ ታውቅ ነበር። ዘወር አላለችም። ዘወር ካለች ዓይኑን ታገኘዋለች፤ ዓይኑን ካገኘች ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ስታጠናው የሰነበተችው ቃል ሁሉ ከአፏ ይጠፋል።

«ቀጥ ብሏል?» አላት።

«ወገቡ ላይ ወደ ግራ ጎበጥ ብሏል፣ ሲ ራኡፍ» አለች ሽቅብ እንዳየች፣ እንደ ሁልጊዜው በአክብሮት «ሲ» ብላ። «ክረምቱ እሱንም ከብዶታል መሰለኝ።»

ዓሚ ሐሙዳ ከወደቡ ድንጋይ ላይ እግራቸውን ወደ ውሃው አንጠልጥለው ዳቦ በሐሪሳ ድልህ ይገምጣሉ። ወደቡ ሁሉ ዓሚ፣ አጎቴ፣ የሚላቸው የስልሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ የዚህችን የእሽቅድምድም ጀልባ ሸራ ከራኡፍ አባት ዘመን ጀምረው ሲጎትቱ ኖረዋል። «እኔንስ ማን ያቃናኛል?» አሉ አፋቸው እንደሞላ። «እኔም እኮ ወገቤ ጎብጧል!»

«እርስዎን የሚያቃና ብሎን ገና አልተሠራም፣ ዓሚ ሐሙዳ።»

«ስማት እንግዲህ! ከዚህ ወደብ ያልዛገ ነገር ቢኖር የዚች ሴት ምላስ ብቻ ነው።»

ራኡፍ ሳቀ። አጭር ሳቅ ነበር፤ ሰው ለይሉኝታ የሚስቀው ዓይነት። አምና በዚህ ሰዓት ቢሆን ዳቦውን ቆርሶ ለሦስት ያካፍል፣ አጠገቧ ተቀምጦ ስለ ነፋስና ስለ ሸራ ያወራ ነበር። ዘንድሮ ግን ሰላምታው እንኳን ለማያውቁት ሰው የሚሰጥ ሰላምታ ሆኗል።

«ሻሂን» የተባለችው ይህች ጀልባ በቱኒስ ዳርቻ ያለችው የላ ማርሳ ሀብታም ቤተሰብ ንብረት ነበረች። አባትየው ሲሞቱ ለራኡፍ ተላለፈች፤ ራኡፍም በየጸደዩ ምሰሶዋን ለማስወጠር ወደ ቢዘርት አሮጌ ወደብ ያመጣት ጀመር። ምሰሶ በራሱ አይቆምም። ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ የሚይዙት የብረት ገመዶች አሉ፤ እነሱ እኩል ካልተወጠሩ ምሰሶው ይጎብጣል፣ ሸራው ይሸበሸባል፣ ጀልባዋም ነፋስ እያለላት ትቀደማለች። ይህን ሥራ በወደቡ ላይ እንደ መብሩካ የሚያውቅ አልነበረም። ሙያው የባሏ የበሺር ነበር። በሺር ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከአንድ የባዕድ ጀልባ ምሰሶ ላይ ወድቆ ሲሞት፣ የሰባት ዓመት ልጅ ትቶላት ነበርና፣ የመሣሪያ ሳጥኑን አንስታ በእሱ ቦታ ገባች። መጀመሪያ ሳቁባት። ኋላ ግን ከቱኒስ ድረስ ጀልባ እያመጡ «መብሩካ ትይልን» ይሉ ጀመር።

አሁን ሻሂን ተሽጣለች። ነገ ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ እስከ ኢጣሊያዋ ካልያሪ ተወዳድራ፣ ከዚያ ማርሴይ ላለው አዲስ ባለቤቷ ትሄዳለች። ራኡፍም እዚያው ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሊሠራ ነው አሉ። ይህን የነገሯት ዓሚ ሐሙዳ ናቸው፣ የዛሬ ሳምንት፣ ገመድ እየፈታች ሳለ። «መልካም ጉዞ ይሁንለት» ብላ ነበር። ከዚያ ጣቷን ስታይ ደም በደም ሆናለች፤ ሽቦው መቼ እንደቆረጣት አታውቅም።

ስለዚህ ዛሬ ካልነገረችው መቼም አትነግረውም።

ነገሩ ያለው ደብዳቤው ላይ ነበር። አምና ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ራኡፍ የታጠፈ ወረቀት ሳጥኗ ውስጥ፣ ከፒንሳው ሥር አስቀምጦ ሄደ። ቤቷ ገብታ ስትከፍተው ከላይ ያለችውን አንዲት ቃል አወቀቻት፤ «መብሩካ» ትላለች። መታወቂያዋ ላይ ስላለች መልኳን ለይታ ታውቃታለች። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ለእሷ የጉንዳን ሰልፍ ነበር። ቁጥር ታውቃለች፤ ያለ ቁጥር ሙያው የለም። ፊደል ግን አታውቅም። አባቷ ከትምህርት ቤት ያስወጧት በሁለተኛው ወር ነበር፤ በግ የሚጠብቅ ስለጠፋ። ይህንን በወደቡ ላይ አንድ ሰው አያውቅባትም። የምሰሶው ሠሪዎች የሚልኩትን የመመሪያ ወረቀት ራኡፍ ሲሰጣት፣ ትክ ብላ አይታ፣ አጥፋ ኪሷ ትከታለች፤ «እጄ ያውቀዋል» ትላለች። የልጇን የፈተና ውጤት የምታውቀው በቀለሙ ነበር። ቀይ ከበዛበት ታዝናለች።

ታዲያ ደብዳቤውን ማን ያንብብላት? ልጇ ኢምና? እናት ለልጇ የወንድ ደብዳቤ አስነብባ እንዴት ፊቷን ታያለች? ዓሚ ሐሙዳ? እሳቸው ካነበቡት ዓሣዎቹም ይሰሙታል። ከስሚድ ዱቄቱ ጣሳ ሥር ደበቀችው።

ከዚያ በኋላ ራኡፍ ተለወጠ። ዳቦ መቁረስ ተወ። በስሟ መጥራት ተወ። መብሩካም ስታወጣ ስታወርድ ከረመች፤ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስድብ ይሆናል፣ ወይም ስንብት ይሆናል፣ ወይም እናቱ፣ ላላ ዘክያ የሚባሉት ወይዘሮ፣ አንድ ነገር አስጽፈውት ይሆናል አለች። ላላ ዘክያ አንድ ቀን ወደቡ ድረስ መጥተው፣ መብሩካ ሻይ ስትጠጣ እጇን አይተው፣ «ያንን ብርጭቆ ከሌሎቹ ጋር እንዳታጥቡት» ሲሉ በጆሮዋ ሰምታለች።

በኅዳር ወር የሴቶች ማኅበር ከሰዓት በኋላ ከሚያስተምረው ክፍል ገባች። ለኢምና «የልብስ ስፌት ነው» አለቻት። በአርባ ዓመቷ እንደ ሕፃን «ባ፣ ቢ፣ ቡ» ስትል ወገቧን ያማት ነበር፤ ገመድ መወጠር ከዚህ ይቀላል። በመጋቢት ጣሳውን አንስታ ደብዳቤውን አወጣች። ለማንበብ አሥራ አንድ ቀን ፈጀባት። በቀን አንድ መስመር፣ አንዳንዴ ግማሽ መስመር። በአሥራ አንደኛው ቀን መጨረሻው ላይ ደረሰች፦

«ዓርብ ከሰዓት ከድልድዩ ላይ እጠብቅሻለሁ። ከመጣሽ እናቴንም ወንድሜንም እኔ እችላቸዋለሁ። ካልመጣሽ ግን መልስሽ ገብቶኛል፤ ዳግመኛ አላስቸግርሽም።»

ያ ዓርብ ካለፈ ዘጠኝ ወር ሆኖት ነበር። መብሩካ ከወጥ ቤቷ ወለል ላይ ተቀመጠች፤ እንባ አልመጣላትም። ድካም ብቻ ነበር የተሰማት፤ ረጅም መንገድ በእግሯ ሄዳ ስትደርስ በሩ ተዘግቶ እንዳገኘች ሰው።

*

ረፋዱ ላይ ከወደቡ ወጡ። ነፋሱ ለሥራ የተመቸ ነበር። ራኡፍ ከኋላ መሪውን ያዘ፣ ዓሚ ሐሙዳ መሐል ተቀምጠው የሸራውን ገመድ ያዙ፣ መብሩካ ከፊት ምሰሶው ሥር። ከአንዱ እስከ ሌላው ሦስት አራት እርምጃ ቢሆን ነው።

የገመዶቹ የመጨረሻ ውጥረት በወደብ አይገኝም፤ በባሕር ላይ ነው የሚገኘው። ጀልባዋ በነፋሱ ወደ አንድ ጎን ስታጋድል፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለው ገመድ እንደ ክራር ይወጠራል፤ በሌላው በኩል ያለው ይላላል፣ ይወዛወዛል። የሚጠበቀው የላላው ብቻ ነው። የተወጠረውን የነካ የብሎኑን ክር ይበላዋል። ከዚያ ጀልባዋ ትዞራለች፤ የላላው ይወጠራል፣ የተወጠረው ይላላል፤ በዚያ በኩልም ልክ ያንኑ ያህል ዙር ይጠበቃል። አንድ ግማሽ ዙር እንኳን ከበለጠ የምሰሶው ጫፍ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ስለዚህ ቆጠራው ጮክ ተብሎ ነው፣ ሁለተኛ ሰውም ይደግመዋል።

መብሩካ ውሃው ሊነካት እስኪደርስ በሆዷ ተኛች፤ በአንድ እጇ ቁልፉን፣ በሌላው ካቻቢቴውን ይዛ ማጥበቂያውን አዞረች።

«አንድ . . . ሁለት።»

«ሁለት!» አሉ ዓሚ ሐሙዳ።

አንገቷን ቀና አደረገች። ጨው ዓይኗን አቃጠላት። አሁን፣ አለች በልቧ። አሁን ካልሆነ መቼም።

«ሲ ራኡፍ፤ አምና ሳጥኔ ውስጥ ወረቀት አስቀምጠው ነበር።»

ራኡፍ ሸራውን ያይ ነበር። ከሸራው ላይ ዓይኑን አላነሣም። «አስቀምጬ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፦ «እንዙር!»

ጀልባዋ ዞረች። ሁሉም እየተሳቡ ቦታ ቀየሩ። ዓሚ ሐሙዳ «ወገቤን!» እያሉ ገመዱን ጎተቱ። መብሩካ በሌላው በኩል ተኛች።

«አንድ . . . ሁለት።»

«ሁለት! እኩል ነው።»

«ስለዚያ ወረቀት ልነግርዎት የፈለግሁት—»

«መልሱን እኮ ሰጥተሽኛል፣ መብሩካ» አላት። ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። «ዓመት ሊሆነው ነው። እኔ የቀበርኩትን አንቺ ለምን ትቆፍሪዋለሽ?»

«እኔ? መልስ ሰጠሁ?»

«እንዙር!»

ዞሩ። ወደ መጀመሪያው ጎን ተመለሰች። ጀርባዋ ላይ ውሃ ፈሰሰ። ቁልፉን ማጥበቂያው ላይ አደረገች። «አንድ . . .» አለች።

«እዚያው ነው» አለ ራኡፍ ከኋላ። «አሁን እጅሽ ያለበት ቦታ። ዓርብ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድልድዩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁሽ። አልመጣሽም። ምናልባት ወረቀቱን አላገኘችው ይሆናል ብዬ ራሴን አባበልኩ። ቅዳሜ ጠዋት በዚያ ማጥበቂያ ላይ በተጠቀለለው ነጭ ፕላስተር ላይ ጻፍኩልሽ። ‹ደብዳቤዬ ደረሰሽ?› ብዬ። ከዚያ ከወደቡ ጥግ ቆሜ አየሁሽ። መጣሽ፤ ጎንበስ ብለሽ አየሽው፤ ብዙ ቆየሽ። ከዚያ ቢላሽን አወጣሽ፣ ልጠሽ አነሣሽው፣ ጨብጠሽ ባልዲው ውስጥ ጣልሽው። አዲስ ፕላስተርም ጠቀለልሽበት። ከዚህ የበለጠ መልስ አለ?»

መብሩካ ያንን ጠዋት አስታወሰችው። ማጥበቂያው እንዳይፈታ የሚቆልፈው ሽቦ ሹል ስለሆነ፣ ሸራ እንዳይቀድ በፕላስተር ይሸፈናል። መርከበኞች የዙሩን ቁጥርና ማስታወሻ በላዩ ይጽፋሉ፤ የምሰሶ ሠራተኛ ደግሞ ሥራውን ሲጨርስ አሮጌውን ልጦ በአዲስ ይለውጠዋል። ሺህ ጊዜ አድርጋዋለች። ያን ዕለት ግን ብዙ ቆማ ያየችው፣ ፊደሎቹ ቆንጆ ስለመሰሏት ነበር። እንዴት ያለ የሚያምር ጽሑፍ ነው ብላ፣ ልጣ ጣለችው።

«ስንት ነው?» አሉ ዓሚ ሐሙዳ። «መብሩካ! ስንት ዞረ?»

እጇን አየችው። ቁልፉ እየዞረ ነበር፤ ራኡፍ ሲያወራ፣ እሷ ስትሰማ፣ እጇ በራሱ ሲያዞር ነበር።

«ጠፋብኝ» አለች።

«ምኑ?»

«ቁጥሩ።»

ዓሚ ሐሙዳ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። በዘጠኝ ዓመት ይህችን ቃል ከእሷ አልሰሙም። የብሎኑን ክር ቆጥሮ ማግኘት ይቻል ነበር፤ ዓይኗ ግን እንባ ስላቀረረ ክሩ አልታያትም።

«ማንበብ አልችልም ነበር» አለች።

ነፋሱ ቃሉን ነጥቆ ወሰደው። «ምን አልሽ?» አለ ራኡፍ።

ዕድሜዋን ሙሉ የደበቀችውን ነገር አንድ ጊዜ ማውጣት እንዴት እንዳደከማት! አሁን ደግሞ ድገሚው፣ ጮክ አድርጊው ሊላት ነው። ከተኛችበት ተነሣች። ምሰሶውን ጨበጠች።

«ማንበብ አልችልም ነበር! አልሰማህም? ፊደል አላውቅም ነበር! ስሜን ብቻ ነው የማውቀው፣ እሱንም ከመታወቂያዬ ላይ! ደብዳቤህን ዘጠኝ ወር ከዱቄት ሥር ደበቅሁት፤ የጻፍከው ስድብ ይሁን ስንብት ሳላውቅ! ፕላስተሩንም የጣልኩት የመርከበኞች አሮጌ ማስታወሻ መስሎኝ ነው። ሥራዬ መስሎኝ ነው፣ ራኡፍ! ሥራዬን ነው የሠራሁት!»

የራኡፍ እጅ መሪው ላይ ላላ። ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዞረች፣ ሸራዎቹ ተንጫጩ፣ ከዚያ ሁሉ ነገር ቆመ። ሦስቱም በሞገዱ ላይ ወደላይ ወደታች ይሉ ነበር።

ዓሚ ሐሙዳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በሁለቱም ጆሮዬ ደንቆሮ ነኝ» አሉ ወደ ባሕሩ እያዩ። «ቀጥሉ።»

«እነዚያ ሁሉ መመሪያ ወረቀቶች . . .» አለ ራኡፍ። «አምስት ዓመት ሙሉ . . .»

«ቁጥሩን አየዋለሁ። ሌላውን እጄ ያውቀዋል ብዬህ የለ? እውነቴን ነው። እጄ ያውቀዋል።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሲገልጠው ሽበቱ የበዛ፣ ዓይኑ ሥር የጠቆረ ሰው ሆኖ ታያት። እሱም ዓመቱን አልተኛም ማለት ነው። «ዓመት ሊሆን ነው ልጠላሽ ስሞክር» አላት። «አልሆነልኝም።»

«እኔም ሞክሬ ነበር። እኔ ግን ትንሽ ትንሽ ሆኖልኝ ነበር።»

ሳቀ። ይህ የድሮው ሳቁ ነበር፤ መሐል ላይ ግን ተሰበረ።

«አሁንስ? አነበብሽው?»

«በአሥራ አንድ ቀን። ጽሑፍህ በሩቅ ሲያዩት ያምራል፣ ሊያነቡት ሲቀርቡ ያሰቃያል። አስተማሪዬ ብታየው ከክፍል ታስወጣሃለች።»

«የመጨረሻውንም?»

«የመጨረሻውንም። ‹ዳግመኛ አላስቸግርሽም› የሚለውን ሁለት ቀን ነው የፈጀብኝ። ደግሞም ጨርሼው ስናደድ፣ እንዲያው ምን ነበር ሳልማር ብቀር አልኩ።»

እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ከምሰሶው አልተላቀቀችም። ደስታው እንዲያው ከሩቅ ይታያታል፤ የምትደርስበት ጉልበት ግን ያጣች መሰላት።

«ነገ ትሄዳለህ» አለችው። «እኔ ተከትዬህ የምሄድ ሴት አይደለሁም። ልጄ ዘንድሮ ፈተና አለባት፤ ደግሞ ስታጠና ትቆይና ሳትበላ ትተኛለች፤ ካላየኋት አትበላም። በጓሮ በር የምትጎበኘኝም አይደለሁም። እናትህ የነካሁትን ብርጭቆ ለይተው አስቀምጠዋል። ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ። የነገርኩህ እንድትቀር ብዬ አይደለም። ‹አንብባ ጣለችኝ› ብለህ እንዳትሄድ ነው።»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ንገሪኝ።»

«እኔ አልነግርህም» አለች። ቁልፉን አነሣች። «ሁለቱንም ገመዶች ፈትቼ ከዜሮ ልጀምር። እንዲህ ሆኖ ባሕር ብትወጡ ምሰሶው ይሰበራል።»

እንደገና ጀመሩ። መዞር፣ መተኛት፣ መቁጠር፤ መዞር፣ መተኛት፣ መቁጠር። ፀሐይ ካናት አልፋ አዘቀዘቀች። መጨረሻ ላይ መብሩካ አንድ ዓይኗን ጨፍና ሽቅብ ስታይ ምሰሶው እንደ ክር ቀጥ ብሎ ነበር፤ እሷ ግን መጽናናት አልቻለችም፤ እንዲያው ባዶነት ተሰማት፣ የያዘችውን ሁሉ ሰጥታ እጇን ያራገፈች ይመስል።

*

ወደቡ ሲደርሱ ዓሚ ሐሙዳ ቀድመው ወረዱ። «ላብላቢ የማይበላ ሰው ጠላቴ ነው» ብለው የሽምብራ ሾርባ ወደሚሸጠው ምግብ ቤት ሄዱ፤ ሁለቱን ብቻቸውን ለመተው እንደሆነ ያስታውቅባቸው ነበር።

መብሩካ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ጠርጋ ሳጥኑ ውስጥ ደረደረች። ክዳኑን ስትዘጋ ጣቶቿ አልታጠፍ አሏት። ሳጥኑ የብረት ነው። በየቀኑ በትከሻዋ ተሸክማው ከወደቡ እስከ ላይኛው ሰፈር ሰማንያ ሁለት ደረጃ ትወጣለች። ጎንበስ አለች፤ መያዣውን ያዘች፤ አልነሣ አላት። ወይም እሷ አልነሣም አለች።

«ምን ሆንሽ?» አላት ራኡፍ።

«ደክሞኛል» አለች።

እሱ ከጀልባው ወርዶ ሳጥኑን በሁለት እጁ አንሥቶ ትከሻው ላይ አስቀመጠው። ነጭ ሸሚዙ ላይ ዘይትና ዝገት ተለጠፈ።

«አስቀምጠው፤ ሰው ያየናል።»

«ይየን። በየት በኩል ነው?»

በአሮጌው ወደብ ዳር ዳር ሄዱ። እሱ ከፊት ሳጥኑን ተሸክሞ፣ እሷ ከኋላ ባዶ እጇን። ባዶ እጇን ምን እንደምታደርገው አላወቀችም። ካፌ በራፍ ላይ ዶሚኖ ይጫወቱ የነበሩ ሰዎች ጨዋታቸውን አቆሙ። ከመካከላቸው አንዱ ሽማግሌ ቆቡን አውልቆ ከወንበሩ ተነሣ። ከዚያ መብሩካን ሲያያት ግራ ገብቶት መልሶ ተቀመጠ። መብሩካ ልብ አላለችም። ድካሙ ዓይኗን ጋርዶት ነበር።

ደረጃው መሐል ላይ ራኡፍ ቆመ፤ በኃይል ይተነፍስ ነበር። «እስከ ካልያሪ አደርሳታለሁ» አላት። «አብረውኝ ለሚወዳደሩት ልጆች ቃል ሰጥቻለሁ፣ መዋሸት አልችልም። ከዚያ ማርሴይ ሌላ ሰው ያድርሳት። እኔ በመንገደኛ መርከብ እመለሳለሁ። እናቴን ደግሞ—»

«ቃል አትግባልኝ፣ ራኡፍ። ቃል ለመጠበቅም ጉልበት ያስፈልጋል።»

«እሺ። አልገባም» አለ። ሳጥኑን ከግራ ትከሻው ወደ ቀኝ አዞረና ደረጃውን መውጣት ቀጠለ።

ቤቷ ደረሱ። በሩ ክፍት ነበር፤ ኢምና ሾርባ ታማስል ነበርና የእንፋሎቱ ሽታ ደጅ ድረስ ይመጣል። የከባድ ሰው እርምጃ ስትሰማ ማማሰያውን እንደያዘች ብቅ አለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ የእናቷን አልፏል። መጀመሪያ ያየችው ሳጥኑን ነው። የእናቷን ሳጥን፣ በማታውቀው ሰው ትከሻ ላይ።

ማማሰያው ከእጇ ወደቀ።

በዚያ ወደብ የምሰሶ ሠራተኛ ሳጥን በሌላ ሰው ትከሻ ወደ ቤት የሚመጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የበሺር ሳጥን የመጣው በዓሚ ሐሙዳ ትከሻ ነበር። ኢምና ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ በሩን የከፈተችውም እሷ ነበረች።

«እማዬ!» ብላ ጮኸች። ሰውየውን ገፍታ አለፈችና እናቷን ደጃፉ ላይ አገኘቻት። ክንዷን፣ ጎኗን፣ ጭንቅላቷን ትዳብስ ጀመር። «የት ነው? የት ላይ ነው የወደቅሽው?»

መብሩካ ያን ጊዜ ሽማግሌው ለምን ቆቡን እንዳወለቀ ገባት። «አልወደቅሁም፣ ልጄ።»

«አትዋሺኝ!»

«አልወደቅሁም። እዪኝ። ይኸው ቆሜያለሁ፤ እዪኝ።»

ራኡፍ ፊቱ አመድ መስሏል። ከላ ማርሳ የመጣ ሰው ይህን ከየት ይወቅ? ሳጥኑን ለማውረድ ፈለገ፣ የት እንደሚያወርደው አላወቀም፤ ተሸክሞት ቆመ።

«ታዲያ ሳጥንሽን ሰው ለምን ይሸከመዋል?» አለች ኢምና። «ምን ሆነሽ ነው?»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህች ልጅ «ከባድ ነው እማዬ፣ ልያዝልሽ?» ስትላት፣ መብሩካ «ምን ይከብዳል፣ ላባ ነው» እያለች ኖራለች። በረዶ ሲጥል ላባ ነው። ትኩሳት ይዟት ላባ ነው። ልጅ እንዳትሠጋ፣ ልጅ ትምህርቷን ብቻ እንድታስብ። አሁን በልጇ ዓይን ውስጥ ያንን ሁሉ ሥጋት አየችው። ተደብቆ እንጂ አንድም ቀን አልጠፋም ነበር።

«ደክሞኝ ነው» አለች። «ደክሞኛል ብዬው ነው፣ ኢምና። በጣም ደክሞኝ ነበር።»

ወደ ፊት ዘመም አለች። ልጇ በሁለት እጇ ደግፋ ያዘቻት፤ መብሩካም በደጇ ላይ፣ ጎረቤት እያየ፣ በልጇ ትከሻ ላይ አለቀሰች። በሺር የሞተ ጊዜ እንኳን እንዲህ አላለቀሰችም፤ ያኔ ጊዜ አልነበራትም።

ኢምና እናቷን እንደያዘች ቀና ብላ ሰውየውን አየችው። የቆሸሸ ሸሚዙን፣ ትከሻው ላይ የገባውን የብረት ጠርዝ፣ የረጠበ ዓይኑን። ብዙ አየችው። ማን እንደሆነ አልጠየቀችም።

«ምን ቆመዋል?» አለችው በመጨረሻ፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ይግቡ እንጂ። ከባድ እኮ ነው።»

«ከባድ ነው» አለ ራኡፍ።

መብሩካ አንገቷን ከልጇ ትከሻ ላይ አላነሣችም። አይከብድም አላለችም።